ኮምፒውተሩን ከመጣላችሁ በፊት መሰኪያውን እዩት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ የወጣውን ምክር አነበብኩት። ፍላሽ ላይ ፋይል መገልበጥ ረጅም ጊዜ የሚፈጅበት ሰው ኮምፒውተሩ ስላረጀ ይቀይረው ይላል። አለቀ። የቱ ክፍል ነው ያረጀው? በምን ይታወቃል? ሳይቀየር የሚስተካከልስ ነገር የለም? አንዱም አልተነሣም። የዛሬን የኮምፒውተር ዋጋ ጠይቆ የሚያውቅ ሰው «ቀይሩት» የምትለዋን ቃል እንዲህ በቀላሉ አይጽፋትም። እኔም ዝም ልል ብዬ አልሆነልኝም።

ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ቤቴ ውስጥ የጽሕፈት ሥራ እሠራለሁ። እተይባለሁ፣ አትማለሁ፣ እጠርዛለሁ። ደንበኞቼ ባብዛኛው ከዩኒቨርሲቲው ዋናው ግቢ የሚመጡ ተማሪዎች ናቸው። ሁሉም ፍላሽ ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም ይቸኩላል። የሰፈር ሰው ደግሞ የሰርግና የክርስትና ቪዲዮውን ይዞ ይመጣል። ከፍላሽ ወደ ሃርድ ዲስክ፣ ከሃርድ ዲስክ ወደ ፍላሽ አዛውርለታለሁ። በዚህ የተነሣ ያቺ አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ስትሳብ እያየሁ የምውልበት ቀን ብዙ ነው።

መጠበቁ ብቻ ቢሆን ቡና እያፈላሁ እጠብቅ ነበር። ችግሩ መብራት ነው። መብራት ሲሄድ አያስጠነቅቅም። ዩፒኤሴ ደግሞ ኮምፒውተሩን በሥርዓቱ ለማጥፋት የምትሆን ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጠኝ። የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ግማሹ ተገልብጦ ግማሹ ቀርቶ መብራት ከጠፋ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ለእኔ የዩኤስቢ፣ ማለትም ፍላሽ የሚሰካበት የዚያ መሰኪያ፣ ፍጥነት ጉዳይ የቅንጦት ወሬ አይደለም። መብራቱ ሳይሄድ ልጨርስ ወይስ አልጨርስ ነው ጥያቄው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዩኤስቢ ሲታይ አንድ ይመስላል እንጂ ዘመኑ ይለያያል። በፈረንጆቹ 1996 ነው የተጀመረው። በ1998 ተስተካክሎ የወጣው 1.1 የሚባለው ሲሆን፣ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰከንድ 12 ሜጋቢት ነው። በ2000 የመጣው 2.0 ወደ 480 ሜጋቢት አሳደገው። በ2008 መጨረሻ ላይ 3.0 መጣና 5 ጊጋቢት፣ ማለትም 5,000 ሜጋቢት አደረሰው። ከዚያ ወዲህ 10 እያሉ፣ 20 እያሉ፣ 40 እያሉ፣ 80 ጊጋቢት ድረስ ሄደዋል። እነሱ ግን የእኛ ቤት አሮጌ ኮምፒውተር ጣጣ አይደሉም፤ እንለፋቸው።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚደናገርበት ነገር አለ። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው በሜጋቢት ነው። ስንገለብጥ ኮምፒውተሩ የሚያሳየን ደግሞ በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ካርቶኑ ላይ ያለውን ለ8 ማካፈል ነው። 480 የተባለው 60 ሜጋባይት ይሆናል ማለት ነው። እሱም በወረቀት ላይ ነው። በተግባር ጥሩ የሚባል 2.0 በሰከንድ 30 ወይም 40 ሜጋባይት ቢያሳልፍ ነው። 1.1 ደግሞ 1 ሜጋባይት አካባቢ ላይ ይንፏቀቃል።

በ60 ጊጋባይት የሰርግ ቪዲዮ እናስላው። በ1.1 ቢሆን ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሙሽሮቹ ከጫጉላ ይመለሳሉ። በ2.0፣ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ብንይዝ፣ 33 ደቂቃ አካባቢ ነው። በ3.0 ከተለመደው የሚሽከረከር ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሲገለበጥ በሰከንድ ወደ 100 ሜጋባይት ያገኛል እንበል፤ 10 ደቂቃ ነው። እዚህ ላይ 3.0 ራሱ ከዚህ በብዙ ይፈጥናል፤ ወደኋላ የሚጎትተው ዲስኩ ነው። ይሄ እንግዲህ ጸሐፊያችሁ «አርጅቷል» ብለው የጠቀለሉት ነገር ዝርዝሩ ነው። አንዱ ኮምፒውተር 1.1 ከሆነ እውነትም አርጅቷል። 2.0 ከሆነ ግን ለፍላሽና ለፕሪንተር ገና ብዙ ያገለግላል።

ታዲያ የራሳችንን በምን እንወቅ?

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ያገለገለ ዴስክቶፕ ልትገዛ ስትል አብሬያት ሄድኩ። ሱቁ ውስጥ ጥቁር ዴል ኦፕቲፕሌክሶች ተደርድረዋል። ልጁ አንዱን ሲፒዩ አቅፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠልን። «እትዬ፣ ይሄን ይውሰዱ፤ ዩኤስቢው 3.0 ነው» አለኝ። «በምን አወቅህ?» አልኩት። «ኮር አይ ፋይቭ ሦስተኛ ጄኔሬሽን ነዋ! ሦስተኛ ከሆነ ዩኤስቢውም ሦስት ነው።» ፊቱ ላይ ተንኮል አልነበረም። ከልቡ ነው ያለው።

ሲፒዩውን ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ከፊት ያሉት መሰኪያዎች ጥቁር ናቸው። ከኋላም ጥቁር ናቸው። የስልኬን መብራት አብርቼ ወደ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ አየሁ። አቧራውን እፍ ስለው በፕላስቲኩ ምላስ ላይ አራት ብረቶች ብቻ ታዩኝ። 3.0 ቢሆን ኖሮ ከአራቱ ሌላ አምስት ትንንሽ ብረቶች ይኖሩት ነበር፤ በድምሩ ዘጠኝ ማለት ነው። ከፊቱ የተጻፈውን ስናነብ ኦፕቲፕሌክስ 3010 ይላል። ይሄ ሞዴል ፕሮሰሰሩ ሦስተኛ ጄኔሬሽን ቢሆንም ያሉት መሰኪያዎች ሁሉም 2.0 ናቸው። ከጎኑ የነበረው 7010 ግን ቁመናው ያው ሆኖ ከፊትም ከኋላም ሰማያዊ መሰኪያ ነበረው። መለያው «ኤስኤስ» የሚለው ምልክትም አጠገባቸው አለ። ልጁን ጠርቼ አሳየሁት። ሁለቱን ጎን ለጎን እያገላበጠ ሲያይ ቆየና «ኧረ እትዬ፣ እኛ እኮ በአንድ ዋጋ ነው የምንሸጣቸው» አለ። እኛ የቱን እንደወሰድን መናገር አያስፈልገኝም።

በነገራችን ላይ ሰማያዊ ቀለም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ቀለሙ የተለመደ እንጂ ግዴታ አይደለም። 3.0 ሆኖ ጥቁር የሆነ አለ፤ በተለይ ላፕቶፕ ላይ። ሰማያዊ ፕላስቲክ ገጥመውለት ውስጡ አራት ብረት ብቻ ያለው ርካሽ ፍላሽም በእጄ አልፏል። ገበያ ላይ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው። ቀለሙን አይታችሁ ጀምሩ፣ ብረቶቹን ቆጥራችሁ ጨርሱ።

የፕሮሰሰሩ ዘመን ፍንጭ ይሰጣል እንጂ አይፈርድም። የፕሮሰሰሮቹ አምራች ኢንቴል 3.0ን በራሱ ቺፕሴት (ቦርዱ ላይ መሰኪያዎቹን የሚያስተዳድረው ቺፕ) ውስጥ ማስገባት የጀመረው በ2012 ከሦስተኛው ጄኔሬሽን ጋር ነው። ከዚያ በፊት የነበረ ማሽን 3.0 ካለው የቦርዱ አምራች ለብቻው ቺፕ ጨምሮለት ነው። የድሮው ኮር ቱ ዱዎ ፕሮሰሰር ያለው ሰው ሳይከራከር 2.0 ነው ብሎ ይገምት። የእኔው ኦፕቲፕሌክስ 790 ነው፤ ሁለተኛ ጄኔሬሽን፣ ዐሥሩም መሰኪያ 2.0። ፔንቲየም ፎር ያለው ሰው ካለ ደግሞ (አሉ፣ አትሳቁ) ከ2002 በፊት ወይም በኋላ የተሠራ መሆኑ ለውጥ ያመጣል። ኢንቴል 2.0ን በቺፕሴቱ ውስጥ ያስገባው በዚያ ዓመት ነውና።

ኮምፒውተሩ ከተከፈተ ግን መገመት ምን ያደርጋል? ራሱ ይነግራችኋል። የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭናችሁ ዲቫይስ ማናጀር ብላችሁ ፈልጉ። ሲከፈት ወደ ታች ውረዱ፤ ዩኒቨርሳል ሲሪያል ባስ ኮንትሮለርስ የሚል አለ። እሱን ዘርጉት። ከሚመጡት ስሞች ውስጥ «ኤክስቴንሲብል» የሚል ካለ ኮምፒውተሩ 3.0 አለው። እሱ ከሌለና «ኢንሃንስድ» የሚል ካለ 2.0 ነው። ሁለቱም ከሌሉና «ዩኒቨርሳል ሆስት» ወይም «ኦፕን ሆስት» የሚል ብቻ ከሆነ 1.1 ነው፤ ያኔ ከጸሐፊያችሁ ጋር እስማማለሁ። በድሮዎቹ ላይ «ኢንሃንስድ»ና «ዩኒቨርሳል ሆስት» አብረው ቢታዩ አትደንግጡ። ዘገምተኛ ዕቃ፣ ማውስና ኪቦርድ ዓይነቱ፣ በሁለተኛው በኩል ስለሚስተናገድ ነው። ሌላም ነገር ልብ በሉ፤ «ኤክስቴንሲብል» አለ ማለት ሁሉም ቀዳዳ 3.0 ነው ማለት አይደለም። የትኛው ቀዳዳ እንደሆነ አሁንም በዓይን ነው የሚለየው።

ዊንዶውስ ራሱም አንዳንዴ ይናገራል። ፈጣን ዕቃ ዘገምተኛ ቀዳዳ ላይ ስትሰኩ ከታች በስተቀኝ ጥግ «ይህ ዕቃ ከዚህ የበለጠ መፍጠን ይችላል» የሚል መልእክት ያወጣል። ሁላችንም ሳናነብ እናጠፋዋለን።

ሁሉም ነገር ተሟልቶ እንኳ የማይፈጥንበት ጊዜ አለ። መሰኪያው፣ ገመዱና ዕቃው፣ ከሦስቱ ዘገምተኛው ነው ፍጥነቱን የሚወስነው። ባጃጅ አስፋልት ስለተዘረጋለት ሚኒባስ አይሆንም። ርካሽ ፍላሽ 3.0 ቀዳዳ ላይ ቢሰካም ሲጻፍበት በሰከንድ ከ10 ሜጋባይት በታች የሚሄድ ሞልቷል። ደግሞ ሲጀምር ይፈጥንና ትንሽ ቆይቶ ይወርዳል። መጀመሪያ የምታዩት ፍጥነት የኮምፒውተሩ ራም ያስቀመጠው ነው፤ ትክክለኛው የኋለኛው ነው። ለዚህ ነው ፍጥነት መለካት የፈለገ አንድ ትልቅ ፋይል ይገልብጥ የምለው። ሺህ ፎቶ ያለበት ፎልደር አይሁን። ብዙ ትንንሽ ፋይል በየትኛውም ዩኤስቢ ይንቀራፈፋል።

ስለ ኃይልም አንድ ነገር ላንሣ። ከፍጥነቱ ይልቅ ይሄኛው ነው ሰውን የሚያስደነግጠው። አንድ ተመራቂ ተማሪ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኩን ይዞ መጣ። ከፊት ለፊት ሰካው። ዲስኩ ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ቀጭ ይላል። ኮምፒውተሩ አላየውም። የልጁ ፊት አመድ መሰለ። «እትዬ፣ ሞተ እንዴ? ሪሰርቼ እኮ እዚህ ብቻ ነው ያለው!» አለ። ገመዱን ሳየው ረጅምና ቀጭን ነው፤ ዲስኩ ይዞት የመጣው አይደለም። እኔ ጋ አጭር ገመድ አለ። ነቀልኩና በሱ አድርጌ ከኋላ፣ በቀጥታ ቦርዱ ላይ ካለው ቀዳዳ ሰካሁት። ትንሽ ተንገራገጨና መሽከርከር ጀመረ። 2.0 መሰኪያ በደንቡ የሚሰጠው እስከ 500 ሚሊአምፔር ነው፤ 3.0 ደግሞ እስከ 900። ከፊት ያለው ቀዳዳ በውስጥ ገመድ ተጎትቶ የመጣ ስለሆነ በአሮጌ ማሽን ላይ ይደክማል። ዲስክ ለመነሣት ብዙ ኃይል ይፈልጋል። እንዲህ ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ ሁሉ ሞቷል ማለት አይደለም። ልጁን ግን ፋይሉን ሌላ ቦታም ሳያስቀምጥ ከቤቴ አላስወጣሁትም።

ወደ ጠጋኞች ልምጣ። ማንንም በስም አላነሣም። የጎረቤቴ ኮምፒውተር ሰማያዊ መሰኪያዎች ነበሩት፤ በደንብ ይሠሩ ነበር። ቫይረስ ገባና ወደ ጥገና ቤት ወሰዱት፤ ፎርማት ተደርጎ ዊንዶውስ 7 ተጭኖለት ተመለሰ። ሰማያዊዎቹ ጸጥ። ተመልሰው ቢጠይቁ «ማዘርቦርዱ ተቃጥሏል፣ ይቀየር» ተባሉ። የጎረቤቴ ባል ደግሞ ብር ሊያወጣ ተዘጋጅቶ ነበር። ጉዳዩ ግን ሌላ ነው። ዊንዶውስ 7 የ3.0ን ድራይቨር፣ ማለትም መሰኪያውን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ይዞ አይመጣም። ዊንዶውስ 8 በ2012 ሲወጣ ነው አብሮት የመጣው። ድራይቨሩ ካልተጫነ በአንዳንዱ ማሽን ሰማያዊው ቀዳዳ ጭራሽ አይሠራም፤ በሌላው ደግሞ እንደ 2.0 ሆኖ ይሠራል፤ ባለቤቱም «ዘገመ» እያለ ይኖራል። ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ቢጫ ምልክት ያለበት ዕቃ ተቀምጦ ነበር፤ ማንም አላየውም። ድራይቨሩን ከአምራቹ ድረ ገጽ በስልክ አውርደን፣ በጥቁሩ ቀዳዳ በፍላሽ አስገብተን ጫንነው። «የተቃጠለው» ማዘርቦርድ እስከ ዛሬ እየሠራ ነው።

እውነትም 2.0 ብቻ ያለው ሰውስ? የሱም መፍትሔ ኮምፒውተር መቀየር አይደለም። ዴስክቶፕ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባል የካርድ ቀዳዳ ይኖረዋል። አጭሩ ይበቃል። እዚያ የሚሰካ 3.0 ካርድ ይሸጣል። የመጀመሪያው ትውልድ የሆነው አጭሩ ቀዳዳ እንኳ በሰከንድ 250 ሜጋባይት ያሳልፋል። ለሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ከበቂ በላይ ነው። ስትገዙ ግን ሁለት ነገር ጠይቁ። ሲፒዩው ቀጭን ከሆነ ካርዱ ከኋላ የሚታሰርበት ብረት አጭሩ ዓይነት ይሁን፤ አለዚያ ክዳኑ አይገጥምም። ካርዱ ከፓወር ሳፕላይ ኃይል የሚቀበልበት መሰኪያ ካለው ደግሞ የእናንተ ማሽን ትርፍ ገመድ እንዳለው እዩ። እኔ 790ዬን በዚህ መንገድ ነው ያቆየሁት። ኪቦርዱን፣ ማውሱንና ፕሪንተሩን በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ትቻለሁ፤ እነሱ ፍጥነት ምን ያደርግላቸዋል? አዲሶቹን ለዲስክ ብቻ ነው የማውላቸው። ገመድ አልባ ማውስ ያላችሁ ደግሞ ተቀባይዋን ከ3.0 ዲስክ አጠገብ አትሰኳት። 3.0 ሲሠራ የሚያወጣው ረብሻ ማውሷ የምትጠቀምበትን ሞገድ ስለሚነካ ቀስቷ መንተፋተፍ ትጀምራለች። እኔም ማውስ ተበላሸ ብለው ይዘውብኝ የመጡ ደንበኞች አሉ።

ላፕቶፕ ላይ ያለው ነገር ይከብዳል፤ ካርድ የሚያስገቡበት ቦታ ያላቸው ጥቂት ድሮዎች ናቸው። የላፕቶፕ ሰው ከመግዛቱ በፊት ነው መጠንቀቅ ያለበት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የራሳቸው የአምራቾቹ ስም አወጣጥ ነው። 3.0 የነበረውን በኋላ 3.1 ጄን 1 አሉት፤ ቀጥለው 3.2 ጄን 1 አሉት። ፍጥነቱ ያው 5 ጊጋቢት ነው። ሻጩ «3.2 ነው» ብሎ ዋጋ ሲጨምርባችሁ ስሙን ተዉትና ስንት ጊጋቢት እንደሆነ ጠይቁት።

ለዝግጅት ክፍሉ ሁለት ልመና አለኝ። አንደኛ፣ እንዲህ ያለ ምክር ስታወጡ ሰው የያዘውን የሚለይበትን መንገድ አስቀድሙ። ሁለተኛው በእናንተ በኩል ለሻጮች የሚደርስ ነው። ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ የምትለጥፏት ወረቀት አለች፤ ራም ስንት፣ ሃርድ ዲስክ ስንት፣ ፕሮሰሰር ምን ትላለች። ስንቱ መሰኪያ 3.0፣ ስንቱ 2.0 እንደሆነም አንድ መስመር ጨምሩባት። ወረቀቷ አትጠብም፤ እኔም ሱቃችሁ ስመጣ የስልኬን ባትሪ አልጨርስም።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽሕፈት ሥራ ባለቤት፣ ከአቶቴ፣ ሐዋሳ